ኢንሱሊን ወግቶ እንጦጦን መውጣት

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 10 ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች በአንድ ሳምንት ውስጥ የበሉትንና የጠጡትን ሁሉ በሚዛን እየለካ መዝግቧል። ሯጮቹ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖሩና ለውድድር ጠንክረው የሚዘጋጁ ነበሩ። ውጤቱ የአዲስ አበባን ገበታ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ ከምግባቸው ካገኙት ጉልበት 64 በመቶ ገደማ የመጣው ከካርቦሃይድሬት ነው። በሰውነት ክብደት ሲሰላ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን 10 ግራም ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሃምሳ አምስት ኪሎ የሚመዝን ሯጭ በቀን ከ500 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ይበላል ማለት ነው።

ሪቻርድ በርንስቲን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ግን ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ላለበት ሰው የሚመክረው በቀን 30 ግራም ብቻ ነበር፤ ለቁርስ 6፣ ለምሳ 12፣ ለእራት 12።

ከመገናኛ ተነስቶ የየካን ዳገት ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወጣ፣ ወይም በታክሲ እንጦጦ ደርሶ በባሕር ዛፉ መሐል የሚሮጥ ሰው ይህ ሕመም ካለበት በእነዚህ ሁለት ገበታዎች መካከል ነው የሚቆመው። አሰልጣኙና የሩጫ ጓደኞቹ ካልበላህ ዳገት አትወጣም ይሉታል። በሌላ ወገን ደግሞ እንጀራና ዳቦ ካቆምክ ስኳርህ ይረጋል የሚሉት አሉ። ሁለቱም የሚናገሩት የደረሱበትን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ክርክሩ የተወለደባቸው አገሮች ያላቸው ኢንሱሊንና መለኪያ እዚህ ካለው በጣም የተለየ ሆኖ ሳለ ምክሩ ግን እንዳለ ተሻግሮ መምጣቱ ነው።

አስቀድሞ ሲሮጥ ሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን እንይ። በዓይነት አንድ የስኳር በሽታ የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆሽት ያጠቃና ኢንሱሊን አመንጪዎቹን ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ስለዚህ ኢንሱሊን በመርፌ መግባት አለበት፤ ያለ እሱ መኖር አይቻልም። ጤነኛ ሰው መሮጥ ሲጀምር ቆሽቱ ወዲያው ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ ጉበቱም ያጠራቀመውን ስኳር እየለቀቀ ጡንቻውን ይመግባል። በመርፌ የገባ ኢንሱሊን ግን ከእጅ እንደወጣ ድንጋይ ነው፤ ሮጥክም ተኛህም ሥራውን ይቀጥላል። በዚያ ላይ የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እርዳታም ስኳር ከደም ይስባል። ሁለቱ ሲደመሩ ስኳሩ በፍጥነት ይወርዳል፤ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳቡ ይበተናል። በአንጻሩ አጭርና ፈጣን ሩጫ አድሬናሊን ስለሚያስነሳ ስኳሩን ሽቅብ ሊወስደው ይችላል። ከሰዓት በኋላ ረጅም የሮጠ ሰው ደግሞ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ጡንቻው ያወጣውን ሲተካ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ቤተሰቡን የሚያስፈራውም ይህ የሌሊቱ ነው።

የካርቦሃይድሬት ቅነሳ ደጋፊዎች ክርክራቸውን የሚያነሱት ከዚህ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ተገኝቶ በጥር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለታማሚ ከመሰጠቱ በፊት ያለው መድኃኒት ምግብን፣ በተለይም ስታርችና ስኳርን፣ መከልከል ብቻ ነበር። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ አለን ሕፃናትን በረሃብ እያከመ ለጥቂት ወራት ወይም ለጥቂት ዓመታት ዕድሜያቸውን ያራዝም ነበር። ኢንሱሊን መጣና ያ ዘመን አበቃ።

በርንስቲን የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ተወልዶ በ12 ዓመቱ ታመመ። ሙያው ምሕንድስና ነበር። በዘመኑ ሐኪሞች የሚያዝዙትን እየበላና እየወጋ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ኩላሊቱና ሌላው አካሉ መጎዳት ሲጀምር፣ ለሆስፒታሎችና ለሐኪሞች ብቻ ይሸጥ የነበረውን የስኳር መለኪያ ሐኪም በሆነችው ባለቤቱ ስም ገዛ። ከዚያ በቀን ብዙ ጊዜ ራሱን እየለካ የትኛው ምግብ ምን እንደሚያደርገው መዘገበ። የደረሰበት መደምደሚያ ቀላል ነው፤ ብዙ ካርቦሃይድሬት ብዙ ኢንሱሊን ይጠይቃል፣ በብዙ ኢንሱሊን ላይ የሚሠራ ስሕተትም ብዙ ይሆናል፤ ጥቂት ካርቦሃይድሬትና ጥቂት ኢንሱሊን ከሆነ ግን ስሕተቱም ትንሽ ነው። የሚሰማው ሐኪም ሲያጣ ሥራውን ትቶ ሕክምና ተማረና በአርባዎቹ መጨረሻ ሐኪም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2025 በ90 ዓመቱ አረፈ። በ1946 ታሞ እስከዚያ ዕድሜ መድረስ ማንም ችላ ሊለው የሚገባ ምስክርነት አይደለም።

የእሱን መንገድ የሚከተሉ 316 ሰዎችን የጠየቀ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። በቀን በአማካይ 36 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚበሉት እነዚህ ሰዎች የሦስት ወር አማካይ የስኳር ምርመራቸው 5.67 በመቶ ነበር፤ ይህ ስኳር የሌለበት ሰው ቁጥር ነው። የዚህን ክብደት ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን ትልቁን የአሜሪካ ጥናት ማስታወስ ይበቃል። በ1,441 ሰዎች ላይ በተደረገው በዚያ ጥናት ምርመራቸውን ከ9 ወደ 7 በመቶ ገደማ ያወረዱት የዓይን ጉዳት የመጀመር ዕድላቸው በ76 በመቶ ቀነሰ። ዋጋውም ነበረው፤ ከባድ የስኳር መውረድ ሦስት እጥፍ ሆነባቸው። የቅነሳው ወገን ያንን ጥቅም ያለዚህ ዋጋ እናገኛለን ነው የሚለው። የ316ቱ ጥናት ፈቃደኞች ስለ ራሳቸው በሰጡት መረጃ ላይ የቆመ መሆኑ፣ ያልተሳካላቸውና ትተው የሄዱት እዚያ አለመቆጠራቸው ግን መረሳት የለበትም።

ስፖርቱን በተመለከተም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ያለበት አንድ ብስክሌተኛ ካርቦሃይድሬትን እጅግ በቀነሰ የኪቶ አመጋገብ በ20 ቀን 4,011 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ስኳሩ ተረጋግቶ መቆየቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ስኳር በሌለባቸው ሯጮች ላይ ጄፍ ቮሌክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ደግሞ ለወራትና ለዓመታት በስብ ላይ የኖሩ የእጅግ ረጅም ርቀት ተወዳዳሪዎች ካርቦሃይድሬት ከሚበሉት አቻዎቻቸው ከእጥፍ በላይ ስብ ያቃጥሉ ነበር። በጡንቻቸው ያለው የስኳር ክምችትም ከሌሎቹ አላነሰም። ይህ ሁለተኛው ግኝት ብዙ ሰው የማይጠብቀው ስለሆነ ተቃዋሚዎችም ሊመልሱለት ይገባል።

እዚህ አገር ሌላም መከራከሪያ ይጨመርበታል፤ ማንም ሲያነሳው ባልሰማም ከባድ ሆኖ አገኘዋለሁ። ትንሽ ካርቦሃይድሬት የሚበላ ሰው የሚወጋው ኢንሱሊን ይቀንሳል። ኢንሱሊን አንዳንዴ ሲገኝ አንዳንዴ በሚጠፋበት፣ ቤተሰብ ጠርሙሱን ቆጥቦ በሚጠቀምበት አገር፣ አንድ ጠርሙስ ለጥቂት ተጨማሪ ቀናት መብቃቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሌላኛው ወገን ስሻገር የምጀምረው ከሩጫው ነው። ሉዊዝ በርክ የተባለችው የአውስትራሊያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ጥናት በዓለም ደረጃ የሚወዳደሩ የእርምጃ ውድድር ስፖርተኞችን በአመጋገብ ከፋፍላ ለሦስት ሳምንት አሠለጠነች። ሁሉም ጠንክረው ሠሩ፤ ካርቦሃይድሬት የበሉት ሰዓታቸውን አሻሻሉ፣ በስብ ላይ የነበሩት ግን ስብ የማቃጠል ችሎታቸው ቢጨምርም ሰዓታቸው አልተሻሻለም። ምክንያቱ የኦክስጅን ዋጋ ነው። ከአንድ ሊትር ኦክስጅን በካርቦሃይድሬት 5 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲገኝ በስብ የሚገኘው 4.7 ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የውድድር ፍጥነት ላይ ግን ሳንባና ልብ ያላቸውን ሁሉ አውጥተው ስለሚሠሩ ያቺ ትንሽ ልዩነት ሰዓት ትሆናለች። በርክ ጥናቱን ደግማ እ.ኤ.አ. በ2020 ስታወጣም ውጤቱ ያው ነበር።

አሁን ይህን ወደ እንጦጦ እናምጣው። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ 3,000 ሜትርን ያልፋል። አየሩ በሳሳበት ዳገት ላይ ለአንድ እርምጃ ብዙ ኦክስጅን የሚጠይቅ ነዳጅ መምረጥ በባሕር ጠለል ላይ ከመምረጥ የከበደ መሆኑ አያጠራጥርም። የእኛ ሯጮች ገበታ በጥናት ሳይሆን በልምድ ወደዚያ 64 በመቶ መድረሱም ከዚህ ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ነው። በዴንማርክ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ያለባቸውን 10 ሰዎች ለአንድ ሳምንት ካርቦሃይድሬት አስቀንሶ፣ ከዚያ ስኳራቸውን በኢንሱሊን አውርዶ ግሉካጎን ሰጣቸው። ግሉካጎን ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር እንዲለቅ የሚያዝዝ ሆርሞን ሲሆን የወደቀ ሰው የሚነሳበት መርፌም ነው። ካርቦሃይድሬት በቀነሱበት ሳምንት መርፌው ስኳራቸውን ያነሳው ከወትሮው ባነሰ መጠን ነበር፤ ጉበታቸው የሚለቀው ብዙ አልነበረውም። ሯጭ ደግሞ ከሌላው ሰው ይልቅ ያንን ክምችት ይፈልገዋል።

ሦስተኛው ኪቶን ነው። ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ኪቶን ይፈጠራል፤ በኪቶ አመጋገብ የሚኖር ሰው ደም ውስጥ ጥቂት ኪቶን መኖሩ የሚጠበቅ ነው። ኢንሱሊን ያነሰው የስኳር ታማሚ ደም ውስጥም ኪቶን ይኖራል፤ ያ ግን ደሙን አሲድ አድርጎ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በማይክል ሪዴል መሪነት የወጣው የባለሙያዎች ስምምነት በደም ውስጥ ያለው ኪቶን 1.5 ሚሊሞል በሊትር ከደረሰ ስፖርት እንዳይጀመር ያዝዛል፤ 3 ከደረሰ ደግሞ ወዲያው ወደ ሐኪም። በኪቶ ላይ ያለ ሯጭ ጠዋት 1.5 ቢያይ የአመጋገቡ ውጤት ይሁን የኢንሱሊን እጥረት መለየት አለበት። ለዚያም የደም ኪቶን መለኪያ ያስፈልገዋል፤ ይህን መሣሪያ እዚህ በቀላሉ ማግኘት አይቻልም። የሽንት ስትሪፕ ደግሞ ወደ ኋላ ነው የሚናገረው፤ አሁን ያለውን ሳይሆን ከሰዓታት በፊት የነበረውን።

ያው የባለሙያዎች ስምምነት ረጅም ለሚሮጥ ሰው የሚመክረው ከ126 እስከ 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ባለው የስኳር መጠን ላይ ሆኖ እንዲጀምር፣ ከሩጫው በፊት በሚበላው ምግብ ላይ የሚወጋውን ኢንሱሊን እንዲቀንስ፣ እየሮጠም በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዲወስድ ነው። ካርቦሃይድሬት ሳይፈሩ ወደ ላይኛው የስፖርት ደረጃ መድረስ እንደሚቻል የሚያሳዩ ሰዎችም አሉ። ዋናተኛው ጋሪ ሆል ጁኒየር እ.ኤ.አ. በ1999 ዓይነት አንድ እንዳለበት ታወቀ፤ በቀጣዩ ዓመት በሲድኒ፣ በ2004ም በአቴንስ በ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ወርቅ ወሰደ። ቲም ኖቮ ኖርዲስክ የሚባለው የብስክሌት ቡድን በሙሉ ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ባለባቸው ባለሙያዎች የተገነባ ነው። በእርግጥ የ50 ሜትር ዋና ከ20 እስከ 25 ሰከንድ የሚፈጅ ስለሆነ ለማራቶን ሯጭ ማስረጃነቱ ውሱን ነው። የቅነሳው ወገን ይህን ሲያነሳ ልክ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን አንድ ነገር እንደተሟላ አድርጎ የሚያስብ ነው፤ በእያንዳንዱ ምግብ መጠኑ የሚስተካከል ፈጣን ኢንሱሊን፣ ሌሊትና ቀን የሚዘልቅ ሌላ ኢንሱሊን፣ በየጊዜው የሚለካ መሣሪያ። የውጭ አገር ሯጮች ዛሬ ክንዳቸው ላይ በምትለጠፍ ሴንሰር ስኳራቸውን በየአምስት ደቂቃው ያያሉ። እዚህ ብዙ ታማሚ የሚወጋው ኤን.ፒ.ኤች የሚባለውን ዘገምተኛ ኢንሱሊን ወይም 70/30 የሚባለውን ድብልቅ ነው፤ 70 እጁ ዘገምተኛ፣ 30 እጁ ፈጣን ሆኖ በአንድ ጠርሙስ ተቀላቅሎ የሚመጣውን። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ይወጋል። ዘገምተኛው ክፍል ከተወጋ ከአራት ሰዓት በኋላ ጀምሮ ይበረታና ለሰዓታት ይቆያል። ጠዋት የተወጋው በምሳ ሰዓት እንጀራ ይጠብቃል፤ ማታ የተወጋው እኩለ ሌሊትን ተሻግሮ ይሠራል።

ይህን የሚወጋ ሰው ከጓደኛው ምክር ሰምቶ ነገ እንጀራውን ቢያቆምና መጠኑን ሳያስተካክል የለመደውን ቢወጋ ስኳሩ ይወርዳል። ቢሮጥ ደግሞ ይብሳል። መጠኑን በራሱ እጅ አብዝቶ ቢቀንስ ወደ ኪቶኑ አደጋ ይሄዳል። ድብልቁ አንዱን ክፍል ትቶ ሌላውን ለመቀነስ አያስችልም፤ ፈጣኑን ልቀንስ ያለ ዘገምተኛውንም ይቀንሳል። ለእኔ የክርክሩ እምብርት ይህ ነው። በርንስቲን ትንሽ ኢንሱሊን፣ ትንሽ ስሕተት ሲል በቀን ብዙ ጊዜ እየለካ፣ ለእያንዳንዱ ምግብ ለይቶ እየወጋ ነበር። በወር የተቆጠሩ የስኳር መለኪያ ስትሪፖችና የ70/30 ጠርሙስ ይዞ ያንን መንገድ መከተል የእሱን ሕግ ራሱን መጣስ ነው።

ሌላኛው ወገንም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በሰዓት 60 ግራም እየወሰድክ ሩጥ የሚለው ምክር ስኳርህ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ መለካት ትችላለህ ብሎ ያስባል። የማይለካ ሰው በፍርሃት ብዙ ማርና ለስላሳ ጠጥቶ ሮጦ፣ ቀኑን ሙሉ 300 ላይ ሆኖ ሊውል ይችላል። ስትሪፕ ውድ በሆነበት ቦታ ሁለቱም ምክሮች በጨለማ ይሄዳሉ።

ስለ ገበታው ጥቂት ልበል። የጤፍ እንጀራ ለስኳር ጥሩ ነው የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አዘናግቷል። ጤፍ ብረትና አሰር አለው፤ እህልነቱ ግን አልቀረም። ከእንጀራ ክብደት ሲሦ ገደማው ካርቦሃይድሬት ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ የበላ ሰው የበርንስቲንን የቀን ድርሻ ሁለትና ሦስት ጊዜ በአንድ ቁጭታ ጨርሷል። በሶም እንደዚሁ፤ ጥሩ የሩጫ ስንቅ ነው፣ ግን ገብስ ነው። ስኳሩ የወረደበት ሰው ደግሞ በሶ አይደለም የሚያስፈልገው፤ ስኳር በውሃ፣ ማር ወይም ለስላሳ ነው፣ 15 ግራም ያህል ወስዶ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት።

ከዚያ ጾም አለ። በዓመት ከግማሽ ያላነሰው ቀን የጾም ነው ብለው የሚይዙ ብዙ ምእመናን አሉ፤ ዓብይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። የካርቦሃይድሬት ቅነሳ የቆመባቸው እንቁላል፣ ሥጋ፣ አይብ፣ ቅቤ በጾም ቀን ከገበታ ይነሳሉ። የሚቀረው ጎመን፣ አቮካዶ፣ ተልባ፣ ኑግ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ ነው፤ ሽሮና ምስሩ ፕሮቲን ቢኖራቸውም ካርቦሃይድሬታቸውም ብዙ ነው። በዚህ ላይ የሚሠለጥን ሯጭ ጡንቻውን የሚጠግንበት ፕሮቲን ከየት ያመጣል? ቤተ ክርስቲያን ታማሚን ከጾም ትፈታለች፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ልቡ አይፈቅድለትም፤ ያንን ማክበር ያስፈልጋል። የፍስኩም ወቅት ቢሆን ሥጋ የየዕለት ምግብ የሚሆነው ለስንት ቤት ነው? ሾላ ገበያ ገብቶ የወጣ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። በአንድ ትሪ የሚበላ ቤተሰብ ውስጥ ወጡን ብቻ በማንኪያ የሚበላ ሰው የሚደርስበት ጭቅጭቅና ጉርሻም አለ፤ የሚያጎርሱት እናቱ ናቸው፣ እምቢ ማለት ይከብዳል።

ታዲያ ማን ምን ያድርግ? ፍርዴን ልናገር፤ ለሐኪም ምትክ ሆኖ አይደለም፣ ከሐኪም ጋር ለመነጋገር እንዲረዳ እንጂ። ለጤናው የሚሮጥ፣ ሰዓት የማያሳስበው አዋቂ ሰው ካርቦሃይድሬቱን በመጠን ቢቀንስ ጥቅም ያገኛል ብዬ አምናለሁ። ሙሉ እንጀራውን ወደ ግማሽ፣ ወጡን ወደ ጎመንና እንቁላል፣ ለስላሳውን ለወረደበት ጊዜ ብቻ። ይህ 30 ግራም አይደለም፤ በቀን ከ100 ግራም በላይ ይሆናል፤ ግን የስሕተቱን ስፋት ያጠባል። ከመቀነሱ በፊት ግን ክሊኒኩ ሄዶ የኢንሱሊን መጠኑን ማስተካከል አለበት፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። ጥብቁ የኪቶ መንገድ ለእሱ ክልክል ነው አልልም፤ ፈጣንና ዘገምተኛውን ለይቶ የሚወጋ፣ አዘውትሮ የሚለካ፣ የደም ኪቶን መለኪያ ያለውና የሚከታተለው ሐኪም ያለው ከሆነ የ4,011 ኪሎ ሜትሩን ብስክሌተኛ ምሳሌ የማይከተልበት ምክንያት አይታየኝም።

ልጆችን በተመለከተ ግን አልወላውልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ዘገባ ካርቦሃይድሬት በጥብቅ የተቀነሰባቸው ዓይነት አንድ ያለባቸው ልጆች ዕድገታቸው እንደተጎዳ አሳይቷል። ጉዳዮቹ ጥቂት ናቸው፤ የ316ቱ ጥናት ደግሞ ጥሩ ውጤት ያላቸው ልጆችንም ይዟል። ይሁንና የምግብ እጥረት ብዙ ልጆችን በሚያቀጭጭበት አገር በሜዳ የሚሮጥ የአሥር ዓመት ልጅን ገበታ ማጥበብ አደጋው ከጥቅሙ ያመዝንብኛል።

ብዙ የማይነገርለት ሦስተኛ መንገድም አለ፤ የእኛ ሯጮች ደግሞ ሳያውቁት ግማሹን ይሄዱታል። የቅነሳው ወገን የሚፈልገው ሲሮጥ በደም ውስጥ የሚዞረው ኢንሱሊን ትንሽ እንዲሆን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቁርስ ሳይበላ፣ የቁርሱን ኢንሱሊን ሳይወጋ የሚሮጥ ሰው ያንኑ ያገኛል፤ ገበታውን ሳይቀይር። ጠዋት በባዶ ሆድ ሲሮጥ የስኳር መውረድ አደጋው ከከሰዓቱ ያነሰ መሆኑ ይታወቃል። ከሩጫው ሲመለስ በሶውንም እንጀራውንም ይብላ፤ ጡንቻው ያኔ ስኳር ይፈልጋል። እዚህም ግን የኢንሱሊኑ ዓይነት ይወስናል፤ ማታ ኤን.ፒ.ኤች ወይም 70/30 የወጋ ሰው ንጋት ላይ ገና የሚሠራ ኢንሱሊን ሊኖርበት ስለሚችል ከመውጣቱ በፊት መለካት ግዴታው ነው። በቀን አንድ ስትሪፕ ብቻ ያለው ሰው ያቺን አንድ ስትሪፕ ለዚህ ሰዓት ያስቀምጣት እላለሁ። አብሮት የሚሮጠው ጓደኛም በኪሱ ስኳር ይያዝ፤ ኮሮኮንቹ ላይ የተንገዳገደውን ሰው ደክሞት ነው ብሎ እንዳያልፈው ምልክቱን ይወቅ።

ሰዓት ለማሻሻል የሚሮጥ፣ ወደ ክለብ የገባ ወይም ሊገባ የሚፈልግ ወጣት ከሆነ ግን ማስረጃው ወደ ካርቦሃይድሬት ያደላል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ደግሞ የበለጠ። ለዚህ ሯጭ ሥራው ካርቦሃይድሬቱን መሸሽ ሳይሆን በልምምድ ቀንና በዕረፍት ቀን መለዋወጥ፣ ከረጅሙ የአስፋልት ሩጫ በፊትና በኋላ ማብዛት፣ በዕረፍቱ ቀን መቀነስ ነው። ለይቶ የሚወጋበትን ኢንሱሊን ለማግኘት ሐኪሙን መወትወትም አለበት፤ በድብልቅ ጠርሙስ ይህን ማድረግ እጅግ ይከብዳል። አሰልጣኞች በሽታውን ሰምተው ልጁን ከቡድን ማስወጣታቸው ቀርቶ፣ መለኪያውን ከሰዓት መያዣው እኩል ቢያዩት እወዳለሁ።

ይህ ሯጭ ሌላም የሚጠብቀው ነገር አለ። ኢንሱሊን በዓለም የጸረ አበረታች ቅመሞች ዝርዝር ውስጥ የተከለከለ ነው፤ በውድድርም ከውድድር ውጭም። ያለ እሱ መኖር የማይችለው ሰው እንኳ ለሕክምና የመጠቀም ፈቃድ ሳያወጣ ቢመረመር ጥፋተኛ ሊባል ይችላል። ፈቃዱን የሚሰጠው ለአገር ውስጥ ተወዳዳሪ የኢትዮጵያ ጸረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን፣ ለዓለም አቀፍ ደረጃ ሯጭ ደግሞ የስፖርቱ ዓለም አቀፍ አካል ነው። የሐኪሙ ማስረጃ፣ የምርመራ ውጤቶችና የሚወጋው መጠን ተያይዘው ውድድር ሳይጠበቅ በተቻለ ፍጥነት መቅረብ አለባቸው። የት እንደሚጀምር ግራ የገባው ሯጭ ከመገናኛ ብዙም የማይርቀው ጉርድ ሾላ ያለው የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ጎራ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ የዕድሜ ልክ ሕመም ስለሆነ ፈቃዱ ለረጅም ዓመታት ሊሰጥ ይችላል፤ የሚወጋው የኢንሱሊን ዓይነት ሲቀየር ግን ለሰጠው አካል ማሳወቅ ያስፈልጋል።